ፍሪጁ አራስ ቤት የገባ ጊዜ

ግላስጎ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1976

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለአዲ ባግባሪ፤

የአላህ ሰላም ካንቺ፣ ከእማዬና ከባለቤቴ ከሃጅራን ጋር ይሁን። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር የጎደለብኝ የለም። እዚህ አገር አሁን ጸደይ ገብቷል ይላሉ፤ እነሱ ይበሉ እንጂ እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ከትምህርት ገንዘቤ ያጠራቀምኩትን ካራቺ ላለው ለአጎታችን ልጅ ልኬለት ፍሪጅ ገዝቶላችኋል። በባቡር ጭኖታልና በዚህ ወር መጨረሻ ሐይደራባድ ይደርሳል። ሃጅራን የምትወልደው በዚያ በሚያቃጥለው ወቅት ነው። እኔ አጠገቧ ባልሆንም ቢያንስ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣ።

ምን እንደምማር ሁልጊዜ ትጠይቂኛለሽ። ዘንድሮ የያዝኩት ትምህርት ቴርሞዳይናሚክስ ይባላል፤ የሙቀትና የሥራ ትምህርት ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ሕጎች አሉት። የመጀመሪያው፣ ጉልበት ከምንም አይፈጠርም፣ ጨርሶም አይጠፋም፣ መልኩን ብቻ ይቀይራል ይላል። ሁለተኛው፣ ሙቀት በራሱ ፈቃድ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ብቻ ነው፤ በተቃራኒው እንዲሄድ ከፈለግሽ የሚሠራ ሠራተኛ ያስፈልጋል ይላል። ፍሪጅ ማለት ያ ሠራተኛ ነው። ከሆዱ ውስጥ ሙቀቱን እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንቺ ጋ ሲደርስ ሰላም በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ሳራንግ


ሐይደራባድ፣ ሜይ 2 ቀን 1976

ለወንድሜ ለሳራንግ፣ ዕድሜህ ይርዘምልኝ፤

እማዬ ምርቃቷን መጀመሪያ ጻፊ ብላ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። አላህ ከብርድ ይሸፍንህ፣ የምትበላው ይጣፍጥህ፣ የሚያስተምሩህን ሰዎች ልብ ያራራልህ ብላሃለች። ሃጅራን ደህና ናት። ሆዷ በር አላሳልፍ ብሏታል እንጂ ሌላ ችግር የለባትም።

ፍሪጁ ደርሷል። ከባቡር ጣቢያ በአህያ ጋሪ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሙሽራ እንደሚቀበል ግልብጥ ብሎ ወጣ። እማዬ ለክፉ ዓይን ብላ አጅራኳን፣ ያቺን ቀይና ሰማያዊ የክት ልብሷን፣ አለበሰችው። አሁን አዳራሹ ውስጥ ቆሟል። ጎረቤት ሁሉ ኩባያ ኩባያውን ይዞ ይመጣል። ከሁሉ የሚገርመኝ የእማዬ ነው። ሲንጎራጎር ከሰማች፣ «ምን ፈለግህ? ውሃ ነው?» ትለዋለች።

አሁን ወደ ሁለቱ ሕጎችህ ልምጣ። ሁለት ሕግ ለመማር ነው መንግሥት ባሕር ያሻገረህ? እኔ እዚህ ቤት በእማዬ ሥር ከሃያ የማያንስ ሕግ አለብኝ፤ ያውም በነጻ። ደግሞስ ስለ ሙቀት ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ቀኑን ሙሉ ከመብራቷ ነበልባል ፊት ተጎልቼ የመስታወት አምባር ጫፍ ከጫፍ ስገጥም የምውል ሴት ነኝ። ነፋስ እሳቷን ያጠፋብኛል ብዬ ማራገቢያ እንኳ አላበራም።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይኼ ሣጥን ቅዝቃዜውን ከየት ነው የሚያመጣው? እማዬ ከእንግሊዝ አገር ታሽጎ የመጣ ነው ትላለች። እንዲያ ከሆነ ሲያልቅ ማን ይሞላልናል?

እኅትህ
ባግባሪ


ግላስጎ፣ ሜይ 14 ቀን 1976

ለአዲ ባግባሪ፤

ሰላምና ጤና ለቤቱ ሁሉ። ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አከራዬ ሰምታ በር አንኳኳች።

ለእማዬ ንገሪያት፦ ቅዝቃዜ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ያለው ሙቀት ብቻ ነው፤ ሲበዛ ሞቀ እንላለን፣ ሲያንስ ቀዘቀዘ እንላለን። ስለዚህ ፍሪጁ የሚያልቅበት ነገር የለውም። ከውስጥ ሙቀት እያወጣ ይጥላል፣ ያን ለመሥራት ኤሌክትሪክ ይበላል። ያንቺን አምባር አስቢው። ሁለቱ ጫፎች የሚገጥሙት ሙቀቱ ከነበልባሉ ወደ መስታወቱ ስለሚሄድ ነው። መስታወቱ ነበልባሉን ሲያሞቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ሁለተኛው ሕግ ይኸው ነው፤ እጅሽ ላይ ነው ያለው።

ሙቀቱ ሲበረታ አባታችን ያደርግ የነበረውን አድርጉ። ቀን መስኮቱን ዝጉ፣ ማታ ክፈቱት። የሞቀ አየር ቀኑን ሙሉ ወደ ቤት ለመግባት እንደሚታገል አትርሺ።

ትልቁ ፈተናዬ ጁላይ 19 ነው። ከወደቅሁ ገንዘቡ ይቋረጣል፣ ያለ ወረቀት እመለሳለሁ። ስለዚህ ሃጅራን በሰላም መገላገሏን ብቻ አሰሙኝ፤ በሌላ ነገር አታስጨንቁኝ። እማዬን አደራ።

ሳራንግ


ሐይደራባድ፣ ጁን 1 ቀን 1976

ለልጅቷ አባት ለሳራንግ፤

አዎ፣ አባት ብዬሃለሁ! ሃጅራን ባለፈው ሳምንት በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ጸጉሯ እስከ ጆሮዋ ይደርሳል፤ አገጯ ቁርጥ ያንተ ነው፤ ምስኪን። እማዬ በደስታ ለአዋላጇ የራሷን የብር ቀለበት አውልቃ ሰጠቻት። ስም አንተ ነህ የምታወጣው፤ እኛ እስከዚያው ድረስ «እንግዳ» እያልን እንጠራታለን።

ሙቀቱን አትጠይቀኝ። ቁራው ሳይቀር አፉን ከፍቶ ነው የሚውለው። አራስ አርባዋ እስኪሞላ ነፋስ እንዳይመታት ታውቃለህና የጓዳውን መስኮት እማዬ በጨርቅ ደፈነችው። ጣሪያው ላይ ያለውን ማንግ ደግሞ፣ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ወደ ጓዳ የሚያወርደውን፣ እኔው ራሴ ወጥቼ በጥጥ ብርድ ልብስ ወተፍኩት። ጠዋትና ማታ ለክፉ ዓይን የሚጨሰውን ዘር ፍም ላይ እናደርግላታለን። ታዲያ ጓዳው ምድጃ ሆነ። ሃጅራን ላብ በላብ ሆና፣ «አዲ፣ አንድ ጣት የምታህል ቀዳዳ ክፈቱልኝ» ትላለች። እማዬ እሺ አትልም።

እዚህ ላይ ነው ያንተ ትምህርት ያወጣን። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል አላልክም? ፍሪጁ ሙቀት እያወጣ ይጥላል አላልክም? አራት ወንዶች ጠርቼ ሃጅራንን በመጋረጃ ከልዬ ፍሪጁን ጓዳ አስገባሁት። አልጋዋ ፊት ለፊት አቁሜ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ የጓዳውን በር ከሥሩ በጨርቅ ጠቀጠቅኩ። እማዬ እንኳ፣ «ይኼስ ልጅ ተምሯል» ብላ መረቀችህ።

እጅህን ወደ ሆዱ ስታስገባ ቅዝቅዝ ይላል። የገረመኝ ድሮ ትንሽ ሠርቶ ያርፍ ነበር፤ አሁን ቀንም ሌትም አያርፍም። እማዬ፣ «ሥራ በዝቶበት ነው፣ አይዞህ» እያለች ትደባብሰዋለች። ሃጅራን ራሴን አመመኝ ማለት አብዝታለች፤ የአራስ ነገር ነው። ልጅህ ግን ጨዋ ናት። አታለቅስም። ትናንትና ጡት እንኳ ሳትጠይቅ ስትተኛ ዋለች። እማዬ፣ «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ከተወለድኩ አላየሁም» ትላለች።

አክስቷ
ባግባሪ


ግላስጎ፣ ጁን 10 ቀን 1976

አዲ፤

ሰላምታ አላስቀድምም፣ ይቅር በይኝ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስ በፊት ቴሌግራሜ ደርሷችሁ ጓዳው ተከፍቶ እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ጡት ሳትጠይቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀጥታ ወደ ቴሌግራም ቤት ሮጥኩ።

ጨዋ ሆና አይደለም! ደክማ ነው! ሕፃን ሙቀት ሲያሸንፈው ለማልቀስም አቅም ያጣል።

ፍሪጁ ከሆዱ የሚቀዳውን ሙቀት የሚደፋው በጀርባው ነው። ጀርባውን ነክተሽው ታውቂያለሽ? ያ ጀርባ ደግሞ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። ከፊት ያወጣውን ከኋላ እዚያው ይመልሰዋል። በዚህም አያበቃም፤ ሞተሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ጉልበት አይጠፋም ብዬሽ የለም? የትም አይሄድም፣ እነሱ ላይ ነው የሚቀረው። ነፋሱን ዘግታችሁ፣ ፍም አስገብታችሁ፣ ከዚያ ላይ የማያርፍ ማሞቂያ አቆማችሁባቸው ማለት ነው። እኔ ደግሞ «ወደ ውጭ ይደፋል» ስል ውጭ የቱ እንደሆነ አልጻፍኩም።

መስኮቱን ክፈቱ። ማንጉን ክፈቱ። እማዬ ብትቆጣ በእኔ አሳብቢ። ለልጅቷ እርጥብ ጨርቅ አድርጉላትና ጡቱን ቶሎ ቶሎ ስጧት። ምንም ቢሆን ቶሎ ጻፊልኝ። መጽሐፉን ገልጬ እቀመጣለሁ፣ አንድ መስመር አይገባኝም።

ሳራንግ


ሐይደራባድ፣ ጁን 13 ቀን 1976

ለሳራንግ፤

በሕይወት አለህ? ካለህ ይህን አንብብ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እገድልሃለሁ።

ሚስትህም ልጅህም ደህና ናቸው። ይኼን ያስቀደምኩት ልብህ እንዳይቆም ነው፤ አንተ ለእኛ እንዲህ አላሰብክልንም። ከዚያ ወዲህ ስንት አምባር አበላሸሁ።

አርብ ቀትር ላይ መብራቷ ፊት ነበርኩ። እማዬ በር ሥር ባሚያ ትከትፋለች። ፖስተኛው መጣ። ሌላ ቀን ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ነው የሚጮኸው፤ ያን ቀን ጸጥ ብሎ መጥቶ ቆመ። ቆቡን አወለቀ።

«ቴሌግራም ነው» አለ። «ልጁ ካለበት አገር ነው የመጣው።»

እዚህ ሰፈር ቴሌግራም ለምን እንደሚመጣ ረስተኸው ነው? አባታችን ባቡር ላይ ሲሞት በምን ሰማን? ማንስ ቤት ነው ለሠርግ ቴሌግራም የመጣው? እማዬ ቢላዋዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ልጄ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ገፈፈችው። እኔ ጮኽኩ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንበብ አልችልም፣ ግን ምን ይነበባል? ጎረቤቱ በግንቡ እየዘለለ ገባ። እየየው ቀለጠ።

ሃጅራን ጩኸቱን ሰማች። በሩን ከነጨርቁ ገንጥላ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ባዶ እግሯን አዳራሹ ውስጥ ወጣች። «ምንድን ነው? ማን ነው?» ትላለች። ሴቶቹ ሁለት እጇን ያዙ። ልጅቷን ነጥቀው ለእኔ ሰጡኝ። አምባሮቿን፣ ለሠርጓ እኔ በእጄ የገጠምኳቸውን አረንጓዴዎቹን፣ ደፉ ላይ እየመቱ አንድ በአንድ ሰበሩባት። የመበለት እጅ አደረጓት ማለት ነው። ደሟ ፈሰሰ። ፊቷ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም።

በዚህ መካከል እቅፌ ውስጥ ያለችውን ልጅ አየሁ። ከንፈሯ ደርቋል፣ ቆዳዋ እንደ ጋለ ድንጋይ ይፋጃል። ከአዳራሹ ማንግ ነፋስ ወረደባት። አንዴ አቃሰተች፣ ሁለተኛ አቃሰተች፣ ከዚያ አለቀሰች። ስንት ቀን ሙሉ ያላለቀሰች ልጅ! በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል የእሷን ለቅሶ ለይቼ ሰማሁ። ደህና ነገር እንዳልነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

እንግሊዝኛ የሚያነቡት መምህር ካሚሶ ከትምህርት ቤት እየሮጡ መጡ። ወረቀቱን ወሰዱ። አንዴ አነበቡ፣ ደገሙት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ሳራንግ አልሞተም» አሉ።

«ታዲያ ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ፍሪጁን አውጡ፣ ጓዳውን ክፈቱ ይላል።»

ሃጅራን ደም ያለበት እጇን አየች፣ ፍሪጁን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ጎረቤቶቹ አበደች ብለው ውሃ እስኪረጩባት ሳቀች። አርባዋ ሳይሞላ ወጥታለች፤ ተመለሺ ቢሏት፣ «የሚመልሰኝን ወንድ አያለሁ» አለች። ፍሪጁን ያን ዕለት አውጥተነዋል። ልጅቷ አሁን ትጠባለች፤ ታለቅሳለችም፤ ጨዋነቷ አልቋል፣ አላህ ይመስገን።

አንድ ነገር ግን አለ። እማዬ አላመነችም። መምህሩ ቢያነቡላት፣ እኔ በቁርኣን ብምልላት፣ «ለፍሪጅ ብሎ ቴሌግራም የሚልክ ሰው የለም» ትላለች። «የምታጠባ ሴት መርዶ ከሰማች ወተቷ ይበላሻል፤ ለዚህ ብላችሁ ነው የምትደብቁት» ትላለች። የእኔ ባል ሲሞት ልጄን አጠባ ስለነበር ካራቺ ሥራ ሄዷል እያለች ሁለት ወር ሙሉ የደበቀችኝ እሷው ራሷ ናት። እንዴት እንደሚዋሽ ታውቃለች። አሁን ምንጣፍ አንጥፋ ለቅሶ ተቀምጣልሃለች። ገንዘብ አልልህም፣ ዕቃ አልልህም። ፎቶግራፍ ላክ። ቶሎ።

ባግባሪ


ግላስጎ፣ ጁን 24 ቀን 1976

ለአዲ ባግባሪ፤

አላህ ይመስገን፣ አላህ ይመስገን፣ አላህ ይመስገን። ደብዳቤሽን ይዤ ዝናብ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እዚህ አገር ዝናብ ላይ ማልቀስ ደግ ነው፣ ማንም አያውቅብሽም።

የሃጅራንን እጅ ሳሚልኝ። ስመለስ እስከ ክንዷ ድረስ አምባር እሞላላታለሁ በያት። አስቢው እስቲ፣ አንድ አምባር ወድቆ ሲሰበር ሺህ ጊዜ እናያለን። ስብርባሪው በራሱ ተሰብስቦ አምባር ሲሆን ግን ማንም አላየም። መምህራችን ሁለተኛውን ሕግ ሲያስረዱ ይህንኑ ነው የሚሉት። ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር አለ። ለእኔ ግን ልጄ ለጥቂት ተመለሰችልኝ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

የእማዬ ነገር አሳቀኝም አሳዘነኝም። ለቅሶዬ ላይ ለመጣው ሰው ምን ታበላው ይሆን? መቼም ሩዙን በደንብ አብስላ ይሆናል። ፎቶው ይኸው። አዲስ ለመነሣት ጊዜ አላገኘሁምና የክረምቱን ነው የላክሁት፤ በረዶ ላይ ቆሜ የተነሣሁትን። «የሞተ ሰው እንዲህ አይወፍርም» በያት። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፣ ግን ለስልክ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ፈተናው ደረሰብኝ። እንዳለፈ እደውላለሁ። እስከዚያ በአንቺ ቀልድ ያዣት።

ሳራንግ


ሐይደራባድ፣ ጁላይ 5 ቀን 1976

ለወንድሜ ለሳራንግ፤

ሃጅራንና ልጅቷ ሰላም ይሉሃል። ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ብሏል።

ፎቶው ደርሷል። እማዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይህ ካፖርት ክረምት ላይ ገዛሁ ብሎ የጻፈልን ነው፤ ያኔ የተነሣው ነው» አለች። ሳመችው፣ ቁርኣኑ አጠገብ አስቀመጠችው። አሁን ለሚመጣ ለቀስተኛ ሁሉ እሱን ታሳያለች። ሰዎቹ ግራ ገብቷቸዋል፤ የሚያለቅስላት አለ፣ በጎን የሚስቅ አለ። ልብሶችህን አውጥታ ለድኆች ሰጠች። ሐሙስ ዕለት በስምህ ጣፋጭ ሩዝ አብልታ ቁርኣን አስቀራች። አንዲት ማንኪያ አልቀመሰችም።

ሳራንግ፣ አትሳቅ። በቀልድ የምታውቀኝ እኔም መቀለድ አቅቶኛል። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ፣ «ልጄን በብርድ አገር መሬት ውስጥ ከተቱት፤ ማን ያለብሰዋል?» ስትል አደረች። ድምፅህን ካልሰማች የሚያሳምናት የለም። ፈተና አትበለኝ። የጨርቅ ነጋዴው ሞቲራም ሱቅ ስልክ አለ፤ ጁላይ 16፣ አርብ፣ ከጸሎት በኋላ እማዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ቁጥሩን ከታች ጽፌልሃለሁ።

ደውል።

ባግባሪ


ግላስጎ፣ ጁላይ 17 ቀን 1976

ለውድ እኅቴ ለአዲ ባግባሪ፤

የአላህ በረከት አይለይሽ! እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ስልኩ እስኪገናኝ ከንጋት ጀምሬ ተሰልፌ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ ስልከኞቹ ሊከለክሉኝ ሲሉ ለመንኳቸው። ከዚያ ጭው ከሚለው ጩኸት ውስጥ «አዎ ልጄ» የሚል ድምፅ መጣ። ሰዎች ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

የእማዬ ድምፅ ግን እንዴት ሰልሏል! ለቅሶው ነው ጉሮሮዋን የዘጋው? ማር በሞቀ ውሃ ስጫት። «ዘግይቼብሻለሁ፣ ቀልጄብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ስላት መጀመሪያ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሂድ ፈተናህን ተፈተን» አለችኝ። ይኸው ይህን ጽፌ ወደ መጽሐፌ ነው የምመለሰው። ሰኞ እንደ አንበሳ ነው የምገባው።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ለልጅቷ ስም አውጪላት ስላት «ራስቲ በሏት» አለችኝ። የራሷን ስም! በእኛ ቤት በሕይወት ባለ ሰው ስም ልጅ ተሰይሞ ያውቃል? ድሮ ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ የምትቆጣው እሷ ነበረች። ምናልባት ሞቼ መነሣቴ አስደስቷት ሕጉን ሁሉ ረስታው ይሆናል። እሷ ካለች ይሁን፤ ራስቲ በሏት። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ሳራንግ


ሐይደራባድ፣ ጁላይ 30 ቀን 1976

ለወንድሜ ለሳራንግ፤

አላህ ልብህን ያጽናው። ይህን ደብዳቤ ስታነብ ሰው አጠገብህ ይኑር። አከራይህንም ቢሆን ጥራት።

የሰማኸው ድምፅ የእኔ ነበር።

እማዬ ጁላይ 13 ንጋት ላይ አርፋለች። አልታመመችም፤ ምግብ ከተወች ሰንብታ ነበር፣ በኋላ ውሃውንም ተወች። ከፍሪጁ ቀድቼ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞር ነበር። ሃጅራን ልጅቷን አምጥታ ደረቷ ላይ አስተኛቻት፤ ደባበሰቻትና፣ «አባቷን ሳታየው» አለች። አርብ ድረስ ቆዪልኝ፣ ስልክ ላይ ታገኚዋለሽ ብዬ ጆሮዋ ሥር ለመንኳት። «ደግ ልጅ ነሽ» አለችኝ፤ ለማጽናናት የምዋሻት መስሏት። እስከ መጨረሻው አላመነችኝም። ሳራንግ፣ እውነት እየነገሯት አለማመኗ ነው እንጂ ሞቷ አይደለም እኔን የገደለኝ።

ሱቁ የሄድኩት ልነግርህ ነበር። በአላህ ስም እምላለሁ፣ ልነግርህ ነበር የሄድኩት። ሞቲራም ስልኩን ሰጠኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አንተ «እማዬ? እማዬ አንቺ ነሽ?» አልክ። ድምፅህ እንዴት እንደነበረ አንተ አልሰማኸውም፤ እኔ ነኝ የሰማሁት። ሦስት ቀን ስጮኽ ሰንብቼ ጉሮሮዬ ተዘግቷል። «አዎ ልጄ» የሚለው ቃል ሳላስበው አመለጠኝ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ማን እንደሞተች ያውቃሉ፤ ቀብሯ ላይ ነበሩ። ሞቲራም ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ። አንድ ገዢ ጨርቁን ጥሎ ወጣ።

ይቅርታ ስትጠይቅ ያን ጊዜ ነው ዝም ያልኩት። የእሷን ይቅርታ እኔ ልስጥ አልስጥ አላወቅሁም። ሰጠሁህ። ስህተት ከሆነ አላህ ከእኔ ይጠይቀው። ስሙን ግን ሆን ብዬ ነው የነገርኩህ። የእሷን ስም ለማንም ሳይሰጡብኝ ለልጅህ ይሁን አልኩ። ሃጅራንም እሺ ብላለች።

ቴሌግራም እንድልክልህ የመከረኝ ብዙ ነው። ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ተመለስኩ። ሃጅራንም ልጻፍለት ብላ ስታለቅስ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። ከስልኩ በኋላ ሁላችንም በእማዬ መቃብር ላይ ቃል ገባን፣ ሰኞ እስኪያልፍ አንድ ሰው አይተነፍስም ብለን። ከዚያ ደግሞ ውጤቱን እስክትጽፍልን ጠበቅሁ። ትናንት ደብዳቤህ ደረሰ፤ ማለፍህን አነበብኩ። እዚያው በር ላይ ጮክ ብዬ «አለፈ!» አልኩ። የምጮኸው ለማን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ቁጭ ብለህ አልቅስ። ፈተናህ አልፏል።

እኅትህ
ባግባሪ